«ገብቶኛል» ሲሉዎት አይመኑ፦ የአጠቃቀም መመሪያን በአንባቢ የማስፈተሽ ዝርዝር አሠራር

መርካቶ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ አንዲት እናት ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የሙከራ ስልክና እኔ የጻፍኩት ባለ 14 ገጽ መመሪያ አለ። መመሪያው የአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አባላት በስልካቸው ገንዘብ እንዴት እንደሚያስተላልፉ የሚያስረዳ ነው። አስቀድመው ቤታቸው ወስደው አንብበውት ስለነበር «እትዬ፣ እንዴት አገኙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «በጣም ግልጽ ነው፤ እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ስልኩን ሰጠኋቸውና ለእህታቸው 500 ብር እንዲልኩ ጠየቅኋቸው። በወረቀት ጽፌ የሰጠኋቸው የእህት ስልክ ቁጥር ሆን ተብሎ አንድ አኃዝ የተዛነፈበት ነበር።

6ኛው ተራ ላይ መመሪያው «የተቀባዩን ስምና የገንዘቡን መጠን ያረጋግጡ» ይላል። ጣታቸውን ከዐረፍተ ነገሩ ሥር አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። ወደ ስልኩ ዞሩ፤ «አረጋግጥ» የሚል ቁልፍ ፈለጉ፤ አገኙት፤ ተጫኑት። ገንዘቡ ሄደ። በስልኩ ላይ ጎልቶ የተጻፈውን የማያውቁትን ሰው ስም አላዩትም። ስሙን እንዲያዩ ብዬ የጻፍኩት ቃል ራሱ ሳያዩ እንዲጫኑ አደረጋቸው።

«ማረጋገጥ» በአማርኛ አይቶ ማጣራትም ነው፤ አጽድቆ ማሳለፍም ነው። እኔ የፊተኛውን አስቤ ጻፍኩ፤ እሳቸው የኋለኛውን አነበቡ። ከሁለታችን አንዳችንም ቋንቋውን አልተሳሳትንም። ጽሑፉን እኔ አሥር ጊዜ ባነበው፣ የሥራ ባልደረቦቼም አሥር ጊዜ ቢያርሙት ይህ ጉድለት አይታይም ነበር፤ ምክንያቱም ሁላችንም ምን ለማለት እንደተፈለገ አስቀድመን እናውቃለን።

ከዚያ ቀን ወዲህ የመመሪያ አንባቢን አስተያየት ከአፉ ይልቅ ከእጁ መሰብሰብን ልማድ አድርጌአለሁ። አሠራሩን ከዚህ በታች እንደምሠራበት ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። የውኃ ፓምፕ አጠቃቀም ለሚጽፍም፣ ለሒሳብ ሠራተኞች የኮምፒውተር ፕሮግራም መመሪያ ለሚያዘጋጅም ያገለግላል።

1. ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይወስኑ

ጽሑፉን ለሰዎች ልኮ «አስተያየት ስጡበት» ማለት ብዙ አያስገኝም። እንዲህ የተጠየቀ ሰው ከሁለት አንዱን ይመልሳል፤ የፊደል ግድፈት ወይም ምስጋና። ሁለቱም ደግ ናቸው፤ ነገር ግን አንባቢው ሥራውን መሥራት ይችል እንደሆነ አይነግሩዎትም።

መመሪያዎን ይዘው ቁጭ ይበሉና ራስዎን ይጠይቁ፦ አንባቢው የትኛው ቦታ ላይ ቢሳሳት ነው ገንዘብ፣ ዕቃ፣ የሥራ ቀን ወይም ጤና የሚያጣው? በእኛ መመሪያ ውስጥ ከሃያ በላይ ተግባራት ነበሩ። ለፍተሻ የመረጥነው ስድስቱን ብቻ ነው፦ ገንዘብ መላክ፣ የምስጢር ቁጥር መቀየር፣ ስልክ ሲጠፋ ሒሳብ ማሳገድ፣ በስሕተት ለተላከ ገንዘብ ማመልከት፣ የብድር ቀሪ ማየት፣ ደረሰኝ ማውጣት። ከዚህ በላይ ከተበዛ ተፈታኙ ይደክማል፤ የደከመ ሰው ስሕተት ደግሞ ከመመሪያው ይምጣ ከድካም መለየት አይቻልም።

እያንዳንዱን ተግባር ወደ አጭር ታሪክ ይለውጡት። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ አለኝ፤ ታሪኩ ውስጥ የመመሪያው ርእስ ቃል መግባት የለበትም። «የምስጢር ቁጥርዎን ይቀይሩ» ብለው ቢጠይቁ አንባቢው ያንኑ ቃል ማውጫው ውስጥ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ፈተናው የዐይን ፈተና ብቻ ይሆናል። እኛ የጠየቅነው እንዲህ ነበር፦ «ገንዘብ ሲልኩ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው የሚጽፉትን ቁጥር አየብዎት እንበል። አሁን ምን ያደርጋሉ? መመሪያውን ይዘው ያሳዩኝ።»

ይህን ጥያቄ ከመለሱት የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች ሦስቱ መልሱ ያለበትን «ደህንነት» የሚል ምዕራፍ ሳይነኩት አለፉ። ርእሱ «ደህንነት» ስለነበር ስለ ራሳቸው ጤንነትና ሰላም የሚናገር መስሏቸው ነበር። ርእሱን «ሌላ ሰው ሒሳብዎን እንዳይነካ» አልነው።

2. ትክክለኛውን አንባቢ ይፈልጉ

የቢሮ ባልደረባ አንባቢ አይደለም። የኮምፒውተር ባለሙያው ወንድምዎም አይደለም። ጽሑፉን ያዘዘው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ፈጽሞ አይደለም። የሚፈልጉት ሥራውን በእውነት የሚሠራውን፣ መመሪያውን ግን ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ሰው ነው።

ስንት ሰው ይበቃል? እ.ኤ.አ. በ1993 የአጠቃቀም ፍተሻ ተመራማሪዎቹ ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር ባቀረቡት ስሌት መሠረት አንድ ተፈታኝ በአማካይ ካሉት ችግሮች 31 በመቶ የሚሆነውን ያሳያል። በዚህ ሒሳብ አምስት ሰው 84 በመቶ ያህሉን ያወጣዋል። «አምስት ሰው ይበቃል» የሚለው በሙያው ውስጥ የተለመደ አባባል የመጣው ከዚህ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2001 ጃሬድ ስፑልና ዊል ሽሮደር የገበያ ድረ ገጾችን ፈትሸው የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች ያገኙት የችግሮቹን 35 በመቶ ብቻ እንደነበር አሳይተዋል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ሥራው ሲሰፋና ተጠቃሚዎቹ ሲለያዩ እያንዳንዱ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ የተለያየ ይሆናል። እኔ በአንድ ዙር አምስት ሰው እወስዳለሁ፤ ያሳዩኝን አርሜ ሌላ አምስት ሰው አስቀምጣለሁ። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ከመፈተሽ ይህ ይሻላል፤ የመጀመሪያው እንቅፋት ካልተነሣ ከኋላው ያለው አይታይምና።

አንባቢዎችዎ ከአንድ ዓይነት በላይ ከሆኑ ከየዓይነቱ ይውሰዱ። አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው አድርጎ የሚያነብ ሰው ሳይኖር የተፈተሸ የአማርኛ መመሪያ ግማሽ ፍተሻ ነው። ረጅሙን ዐረፍተ ነገር፣ ግሡ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን፣ በ«እንዳይ» እና በ«ካል» የተጠላለፈውን ከማንም በፊት የሚያሳይዎት እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቆይቼ ነው የተማርኩት። በብዙ ቤት መመሪያ የሚያነበው ልጅ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው እናት ወይም አባት ነው። ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ወላጅ ይጫናል፣ ያዞራል፣ ይከፍታል። ስለዚህ ሁለቱን አብረን አስቀምጠን መፈተሽ ጀመርን። በዐይን ሲነበብ ግልጽ የነበረ ብዙ ነገር በጆሮ ሲሰማ ይጠፋል። «ከላይ በሥዕል 3 እንደተመለከተው» የሚል ሐረግ ሥዕሉ ልጁ እጅ ላይ ላለበት እናት ምንም አይነግራትም። በቅንፍ የገባ ማብራሪያም ልጁ ይዘለዋል።

ተፈታኞችን የት ያገኛሉ? ካሉበት። ወረፋ በሚጠበቅበት፣ የማኅበር ስብሰባ በሚካሄድበት፣ ሱቅ ገበያው ቀዝቀዝ በሚልበት ሰዓት። የትራንስፖርት ወጪ ይሸፍኑ፤ ለጊዜያቸው ትንሽ ክፍያ ወይም የሞባይል ካርድ ይስጡ። ክፍያው በመጀመሪያ ይሰጥ፤ መጨረሻ ላይ ከሆነ ደስ የሚያሰኝ መልስ የሚገዛ ይመስላል።

3. ከመቀመጥዎ በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

የሙከራ ስልክ፣ የሙከራ ሒሳብ፣ የሙከራ ገንዘብ ያዘጋጁ። የሰውን ሒሳብና የምስጢር ቁጥር በፍተሻ ላይ ፈጽሞ አይንኩ። ድምፅ ወይም ምስል የሚቀዱ ከሆነ ፈቃድ በጽሑፍ ይውሰዱ፤ ምን እንደሚቀዱ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚደመሰስ ይንገሩ። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምቀዳው ድምፅንና እጅን ብቻ ነው፤ ካሜራው ከላይ ወደ ወረቀቱና ስልኩ ያያል፤ ፊት አይገባም። ሰው ፊቱ ካልተቀረጸ ዘና ይላል።

ጽሑፉን በተራ ወረቀት ያትሙት፤ በየገጹ አናት ላይ «ረቂቅ» ይበሉበት፤ ከጎኑ እርሳስ ያስቀምጡ። በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመና የተጠረዘ ነገር ላይ ሰው ስሕተት ለመናገር ይፈራል። ያለቀ ነገር ይመስለዋል፤ ያለቀን ነገር መንቀፍ ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

ይህ ወደ ይሉኝታ ያመጣናል፤ የሥራችን ትልቁ እንቅፋት እሱ ነውና። ተጋብዞ የመጣ ሰው ጋባዡን አያሳፍርም። ቡና ጠጥቶ «ጽሑፍህ አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል፤ በተለይ ጸሐፊው ፊቱ ከተቀመጠ። «አልገባኝም» ማለት ደግሞ «አልተማርኩም» ማለት ይመስለዋል። ይህን በጥያቄ ብልሃት ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አይቻልም፤ መቀነስ ግን ይቻላል። ፍተሻውን የሚመራው ሰው ጸሐፊው ባይሆን ይመረጣል። ሌላ ሰው ከሌለዎት አይዋሹ፤ እውነቱን ይንገሩ። እኔ ከመጀመሬ በፊት ይህን እላለሁ፦ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋት እንዳለበት አውቃለሁ፤ የት እንዳለ ግን አላውቅም። እርስዎ የተቸገሩበት ቦታ ሁሉ እኔ በደንብ ያልጻፍኩበት ቦታ ነው። ዛሬ የሚፈተነው ወረቀቱ ነው።» ከዚያም አንድ የማውቀውን ጥፋት እኔው ራሴ በእርሳስ እሰርዛለሁ። ወረቀቱ ላይ መሰረዝ እንደሚቻል ዐይናቸው ሲያይ እጃቸው ይደፍራል።

4. ያስቀምጡ፣ ይመልከቱ፣ ዝም ይበሉ

እ.ኤ.አ. በ1982 በኮምፒውተር ኩባንያው አይ ቢ ኤም ይሠራ የነበረው ክሌይተን ሉዊስ ለእንዲህ ያለ ፍተሻ ያስተዋወቀው ዘዴ አለ፤ ተፈታኙ እየሠራ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር መጠየቅ። ዛሬም ከዚህ የተሻለ ርካሽ መሣሪያ አላውቅም። ነገር ግን ሰው ብቻውን እየተናገረ መሥራት ስለማይለምድ አስቀድመው ያሳዩት። እኔ ለምሳሌ አንድ የማላውቀው ቁልፍ እከፍታለሁ፤ እየከፈትኩ «ወደ ግራ ነው የሚዞረው? አይ፣ አልሄደም፤ እስቲ ገፋ ላድርገው» እያልኩ አሳያለሁ። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ሰውየውም ምን እንደተፈለገ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በጣም ከባድ ነው፤ ዝም ማለት። ተፈታኙ ሲቸገር ማየትና አለመርዳት ከባህላችን ጋር ይጋጫል። እጄ ራሱ ወደ ወረቀቱ ሲሄድ ስንት ጊዜ ይዤዋለሁ! ሲቆሙብዎት በልብዎ እስከ ሃያ ይቁጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ በአሥራ አምስተኛው ላይ የሚፈልጉት ዐረፍተ ነገር ከአፋቸው ይወጣል፦ «እዚህ ጋ እኮ ሁለት ቁጥር ነው የሚለው…»

በእውነትም እንዲህ ያለ ሰው ነበር። አንድ የወዛደር ማኅበር አባል የምስጢር ቁጥሩን እየቀየረ ሳለ ገጽ 9 ላይ ቆመ። ወደ ገጽ 3 ተመለሰ። እንደገና ወደ 9 መጣ። ሁለቱን ገጾች በሁለት ጣት ይዞ አነጻጸረ። ገጽ 3 ላይ «የይለፍ ቃል» ብዬ ነበር፤ ገጽ 9 ላይ «የምስጢር ቁጥር»። ለእኔ አንድ ነገር ናቸው። ለእሱ አንዱ ቃል ነው፣ ሌላው ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል፤ እሱ ግን አንድ ብቻ ነው የተሰጠው። «ሌላኛውን ከቢሮ አልሰጡኝም መሰለኝ» አለ። ያን ጊዜ ቢሮ ሄዶ ተሰልፎ የሌለ ነገር ሊጠይቅ የሚሄድ ስንት አባል እንደሚኖር ታየኝ። ዕለቱኑ መላ መመሪያውን አንድ ቃል አደረግነው። ተመሳሳይ ቃል እየደጋገሙ መጻፍ ትምህርት ቤት እንደ ድክመት ተነግሮናል፤ በመመሪያ ውስጥ ግን ግዴታ ነው።

ፈታኙ የማይናገራቸው ቃላት አሉ። «ገባዎት?» አይበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ቀላል ነው» አይበሉ፤ የተቸገረውን ሰው ያሳፍራል። «አይዞዎት» እንኳን ባይባል ጥሩ ነው፤ መልካም ቃል ቢሆንም እየተሳሳቱ እንደሆነ ይጠቁማቸዋል። የሚፈቀዱት «እሺ»፣ «ምን አዩ?»፣ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልዎታል?» ናቸው። ጥያቄ ከጠየቁዎት ጥያቄውን መልሰው ይስጧቸው፦ «እኔ ባልኖር ምን ያደርጉ ነበር?»

አጠገብዎ አንድ ጸሐፊ ይኑር። የሚጽፈው የሰማውንና ያየውን ብቻ ነው፤ ትርጉም አይጨምርም። «ገጽ 9፣ ተራ 2፤ ወደ ገጽ 3 ተመለሰ፤ ‹ሌላኛውን አልሰጡኝም› አለ» ጥሩ ማስታወሻ ነው። «ግራ ተጋባ» ግን የጸሐፊው አስተያየት ነው። ጣት ወደ ላይኛው መስመር ሲመለስ፣ ገጽ ሲገለበጥ፣ ዐይን አጠገብ ወዳለ ሰው ሲዞር፣ ድምፅ ሲቀንስ ይመዝገብ።

5. ከሥራው በኋላ ይጠይቁ

ጥያቄ ፋይዳ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ቦታው ከሥራው በኋላ ነው። ሁለት መንገዶችን እጠቀማለሁ።

አንደኛው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ነው፤ በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ዘንድ በስፋት የተሠራበት ዘዴ ነው። አንባቢው ጽሑፉን እያነበበ ደስ ባለው ወይም በረዳው ቦታ ጠርዝ ላይ «+»፣ በከበደው ወይም ባልወደደው ቦታ «−» ያደርጋል። ምክንያቱን ያን ጊዜ አይጠየቅም። ጨርሶ ሲነሣ እያንዳንዱን ምልክት አብራችሁ ትመለከታላችሁ። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ለይሉኝታ ሰው መውጫ መስጠቱ ነው፤ አምስት «+» ያደረገ ሰው ሁለት «−» ለማድረግ አይከብደውም።

ሁለተኛው ለሌላ ሰው ማስረዳት ነው። «ምን ተረዱ?» ካሉ የመመሪያውን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ይደግሙልዎታል፤ በቃል መያዝን የለመደ ትውልድ ነንና። «ይህን ለጎረቤትዎ ቢነግሯቸው እንዴት ይሏቸዋል?» ይበሉ። ያን ጊዜ የራሳቸው አማርኛ ይመጣል፤ ስሕተት ካለም አብሮ ይወጣል። ከዚህም በላይ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ዐረፍተ ነገር እኔ ከጻፍኩት ይበልጣል፤ እንዳለ ወስጄ ረቂቁ ውስጥ አስገብቼው አውቃለሁ።

6. ይቁጠሩ፤ «ማግኘትን» ከ«መረዳት» ይለዩ

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 በተሻሻለው የመድኃኒት ሕግ መሠረት ከመድኃኒት ጋር የሚሰጠው የማብራሪያ ወረቀት በታካሚዎች መፈተሽ አለበት። እዚያ የተለመደው መመዘኛ እንዲህ ነው፤ የተጠየቀውን መረጃ ከአንባቢዎቹ 90 በመቶው ማግኘት፣ ካገኙት ውስጥም 90 በመቶው መረዳታቸውን ማሳየት አለባቸው። የ90 በመቶ 90 በመቶ 81 በመቶ ስለሚሆን፣ በተግባር ከ20 ሰው ቢያንስ 16ቱ እያንዳንዱን ጥያቄ በትክክል መመለስ ይጠበቅባቸዋል።

ለአንድ ማኅበር መመሪያ 20 ሰው ላያገኙ ይችላሉ። መለያየቱን ግን ይውሰዱ፤ ወርቅ ነው። አንባቢው ቦታውን ካላገኘው ርእሱን፣ ማውጫውንና ቅደም ተከተሉን ያርሙ። አግኝቶት ካልገባው ዐረፍተ ነገሩን፣ ቃሉን ወይም ሥዕሉን ያርሙ። ሁለቱን ቀላቅሎ «ይህ ገጽ ከባድ ነው» ብሎ መመዝገብ ለማረም አይመችም፤ ስንቴ ጥሩ ዐረፍተ ነገር ያለ ጥፋቱ ሲሰረዝ አይቻለሁ።

7. ከታተመ በኋላም ጆሮዎ አይዘጋ

መመሪያው ስልክ ላይ ወይም ድረ ገጽ ላይ ካለ በየገጹ ግርጌ «ሥራዎን ለመጨረስ ረዳዎት?» የሚል አጭር ጥያቄ ያድርጉ። «አልረዳኝም» ላለው ሰው ወዲያው «ምን ለማድረግ ፈልገው ነበር?» የሚል አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ይከፈትለት። ስም፣ ኢሜይልና ዕድሜ የሚጠይቅ ቅጽ አስተያየትን ያባርራል። በጽሑፍ መመለስ ለሚከብደው ደግሞ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት እንዲልክ ይፍቀዱ። የአማርኛ ፊደል መጻፊያ ስልካቸው ላይ የሌላቸው፣ ወይም መጻፍ የሚያዘገያቸው ሰዎች በድምፅ ሲሆን አንድ ደቂቃ ሙሉ ያስረዳሉ።

የስልክ ጥሪ የሚቀበሉ ሠራተኞች የሚያውቁትን ማንም አያውቅም። በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አብረዋቸው ይቀመጡና «በዚህ ሳምንት ደጋግማችሁ ያስረዳችሁት ምን ነበር?» ይበሏቸው። የሚነግሩዎት በሙሉ መመሪያው ያላስረዳው ነገር ነው።

የመፈለጊያ ሳጥን ካለ ሰዎች ፈልገው ያጡትን ቃል ያስመዝግቡ። ይህ ለአማርኛ መመሪያ ልዩ ጥቅም አለው። እኛ «ሒሳብ» ጽፈናል፤ አንባቢው «ሂሳብ» ብሎ ይፈልጋል። እኛ «ምስጢር»፣ እሱ «ሚስጥር»። እኛ «ዐዲስ»፣ እሱ «አዲስ»። ለሰው አንድ ድምፅ የሆነው ለኮምፒውተር የተለያየ ፊደል ስለሆነ መልሱ «ምንም አልተገኘም» ይሆናል፤ አንባቢው ደግሞ መመሪያው ስለ ጉዳዩ የማይናገር ይመስለዋል። የፍለጋ መዝገቡን ባየሁበት ቀን በጣም ነው ያዘንኩት፤ መልሱ ያለበት ገጽ እያለ ስንት ሰው ባዶ እጁን ተመልሷል። ፕሮግራመሮቹ ከፍለጋ በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እንዲያስጠጉ ማድረግ ብዙውን ይፈታል፤ እንደ «ሚስጥር» ላሉት ግን የአጻጻፍ ዓይነቶቹን በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል።

መዝገቡ ሌላም ነገር ያሳያል፤ የሰውን ቃል። እኛ «ያልተሳካ ዝውውር» ያልነውን ሰዎች «ብር አልደረሰም» ብለው ነበር የፈለጉት። አሁን የገጹ ርእስ «የላኩት ብር ካልደረሰ» ነው።

8. አስተያየቱን ይለዩ፤ ሕመሙን ይቀበሉ፣ መድኃኒቱን ይመርምሩ

የተሰበሰበውን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ያስገቡ፦ ገጽ፣ ምን ሆነ፣ ስንት ሰው ላይ ሆነ፣ ቢሳሳት ምን ያጣል። ገንዘብ የሚያሳጣው አንድ ሰው ላይ ብቻ ቢታይም ቀድሞ ይታረማል።

አንባቢ የተቸገረበትን ቦታ አይሳሳትም፤ የሚጠቁመው መፍትሔ ግን ሊሳሳት ይችላል። መመሪያችን ላይ «አገልግሎቱ በየቀኑ ከ00:00 እስከ 02:00 ይቋረጣል» የሚል መስመር ነበር። አንድ አባል «ማታ 2 ሰዓት ሞክሬ ሠርቷል፤ መመሪያችሁ ትክክል አይደለም፤ ይሰረዝ» አለ። ሌላዋ «ጠዋት 2 ሰዓት ጠብቄ ነው የላክሁት» አለች። ሌላ ሰው ከዱባይ በድምፅ መልእክት «በእኛ ነው በእናንተ?» ብሎ ጠየቀ። ሦስት የተለያየ አስተያየት፣ አንድ ሕመም። መስመሩ መሰረዝ አልነበረበትም፤ እንዲህ ሆነ፦ «በአዲስ አበባ ሰዓት ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት አገልግሎቱ ይቋረጣል። ስልክዎ ላይ 00:00 እስከ 02:00 ተብሎ ይታያል። ዱባይ ካሉ አንድ ሰዓት ይጨምሩ።»

«ሥዕል ይጨመርበት» የሚለውንም እንደዚሁ ይመርምሩት። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሥዕል ሳይሆን «አሁን የት እንደደረስኩ ንገሩኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ይህን ሲጫኑ ስምዎ የተጻፈበት ገጽ ይመጣል» ማለት ይበቃል።

9. ያርሙ፣ እንደገና ያስፈትሹ፣ ለአንባቢው ይንገሩ

የመጀመሪያ እርማት ብዙ ጊዜ አይበቃም። ወደ 6ኛው ተራ ልመለስ። «ያረጋግጡ» የሚለውን «ያጣሩ» አልኩት። በሁለተኛው ዙር ከአምስቱ ሁለቱ አሁንም ስሙን ሳያዩ አለፉ። በዚያ ቅጽበት እጃቸው ስልኩ ላይ ነው፤ ዐይናቸው ቁልፍ ይፈልጋል፤ «ያጣሩ» ደግሞ ለእጅ ምንም ሥራ አይሰጥም። በሦስተኛው ዙር እንዲህ ጻፍኩ፦ «ስልኩ ላይ የመጣውን ስም ጮክ ብለው ያንብቡ። የሚልኩለት ሰው ስም ካልሆነ ‹ሰርዝ› የሚለውን ይጫኑ።» አምስቱም አነበቡ። አንዷ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብላ ስልኩን አስቀመጠች።

እዚህ ላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነበር። ጉድለቱ የመመሪያው ብቻ አልነበረም፤ የቁልፉም ነበር። የፍተሻውን የድምፅ ቅጂ ለፕሮግራመሮቹ ወሰድኩላቸው። የአንባቢ አስተያየት አንዳንዴ መመሪያው ሊሸከመው የማይገባውን ሸክም ያሳያል፤ ያን ጊዜ ዐረፍተ ነገር ከመጨመር ዕቃው ቢታረም ይሻላል። በሪፖርት ቢጻፍ ወራት የሚፈጅ ክርክር ይሆን ነበር፤ የእናትየዋን ድምፅ ሰምተው ግን አልተከራከሩም። በሚቀጥለው ዕትም «አረጋግጥ» የሚለው ቁልፍ «ላክ» ሆነ።

አስተያየት የሰጡትን ሁሉ ተመልሰው ያግኟቸው። ደውለው፣ ወይም አጭር መልእክት ልከው የትኛው ቃላቸው የትኛውን ገጽ እንደለወጠ ይንገሯቸው። እኔ ለመርካቶዋ ነጋዴ አዲሱን ገጽ ራሱን ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው 6ኛውን ተራ አነበቡና «ያን ጊዜም እኮ እንዲህ ብለህ ብትጽፈው ኖሮ…» አሉኝ። ከዚያ እርሳስ ጠየቁኝ። 11ኛው ገጽ ላይ ለካ ቆይተው ያሰቡበት ሌላ ነገር ነበራቸው።